የጠራዡ ጋብቻ

ጎረቤቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። የከተማችን የጋብቻ መዝገቦች ሲገነጣጠሉ ወደ እሱ ይመጣሉ፤ ገጾቹን በሰም በታሸ ክር ይሰፋና ጀርባቸውን በሙጫ አጠንክሮ ይመልሳቸዋል። የሰውን ሁሉ ጋብቻ ሲሰፋ የኖረው ሰውዬ የራሱ ስም ግን በአንዱም መዝገብ የለም። ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት እሱና ሚስቱ በጸሎት ቤት፣ በእግዚአብሔርና በሽማግሌዎች ፊት ቃል ተገባቡ፤ በቃ።

ጋብቻ የሚመዘግበው የክብር መዝገብ ሹም መዝገብ ሊወስድ በመጣ ቁጥር ይነተርከዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ በሕግ ፊት እኮ ወንደላጤ ነህ!»

«ወንደላጤ ከሆንኩ ይህን ሸሚዝ ማን ተኮሰው?»

«ቀልዱን ተወውና ና ተመዝገብ።»

«የዛሬን ቀን ልትጽፍብኝ? ሠላሳ አራቱን ዓመት የት ልጣለው? ስማ ወዳጄ፣ መንግሥት ያየውን ቢጽፍ አልጠላም። ፈቃድ ሰጪው እኔ ነኝ ሲል ግን፣ ያልሰጠውን ሊነሳ ነው።»

እኔ በር ላይ ቆሜ እስቅ ነበር። ነገሩ የገባኝ ባለፈው ዓመት ነው።

ሚስቱ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። ሆስፒታል ስንደርስ ራሷን አታውቅም፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ። ልጅ የላቸው፣ ዘመድ በአቅራቢያ የለ። ነርሷ የቀዶ ሕክምናውን ቅጽ ይዛ መጣች።

«የሚፈርመው ሕጋዊ ባል ነው። የጋብቻ ወረቀት አለዎት?»

ጠራዡ ባዶ እጁን አየ።

«እንግዲያው ባሏ መሆንዎን የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። ቶሎ በሉ፣ ጊዜ የለም!»

አንዱ እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አልፈዋል። ግራ ቢገባኝ ለሹሙ ደወልኩ። መዝገቡ ለማያውቀው ጋብቻ መመስከር ሥራውን ሊያሳጣው እንደሚችል አውቃለሁ፤ ይመጣል ብዬም አላመንኩም።

እያለከለከ ደረሰ። ነርሷ አወቀችው፤ የእሷን ጋብቻ የመዘገበው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ማኅተም ይዘዋል?»

«ማኅተሙን ቢሮ ትቼዋለሁ፣ ልጄ። ያየሁትን ልመሰክር ነው የመጣሁት።»

«ባልና ሚስት የሆኑት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ብዕሩን አነሳ።

«እኔ ሹም ከመሆኔ በፊት» አለና ፈረመ።

በዚያ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ፣ ከሹመትም ከወረቀትም የሚቀድም አንድ ነገር አብሮን የቆመ መሰለኝ። ሹሙም ሳይታወቀው ባርኔጣውን አውልቆ ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። ጠራዡ እጇን እንደያዘ ነው፤ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላለም። ቀስ ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ምነው ሸሚዝህ?» አለች። «ወንደላጤ መሰልክ እኮ።»