ለደም እንጂ ለጠበቃ አናዋጣም

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ የልጅ ልጅ ሆሳዕና ከተማ ፍርድ ቤት ደጃፍ አገኘኝ። መጋዘን ሲጠብቅ የተኮሰበትን ዘራፊ መልሶ ተኩሶ ገድሏል። «አባባ፣ በወንጀሉ ነጻ ወጣሁ። አሁን ደግሞ ቤተሰቡ በካሳ ከሰሱኝ። የጠበቃውን የሚከፍልልኝ ማነው?» አለኝ። ዝናብ ስለነበር ሻይ ቤት ገብተን የታላቅ ወንድሜን የላምቤቦን ነገር አጫወትኩት።

ያኔ ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ክረምት ነው። ከፎንቆ ገበያ ስንመለስ ከባሕር ዛፉ መሐል አንድ ሰው ወጣ። የያዘውን ገጀራ ላምቤቦ ትከሻ ላይ አሳረፈው። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ሰምቻለሁ። ሊደግመው ሲያነሳ ወንድሜ አንግቶት የነበረውን ጠመንጃ በደህና እጁ የሰውየው ሆድ ላይ ደግኖ ተኮሰ። ሰውየው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አንጀቱን በእጁ ሊመልስ ይታገል ጀመር። «ውሃ» አለኝ። አቀረብኩለት፤ አልዋጠውም። ለመንገድ የያዝነው ቆጮ በወንድሜ ደም ርሶ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ራሱን ሲከላከል ነው ብሎ ለቀቀው። ብዙም ሳይቆይ የሟች ሚስት ካሳ ጠየቀችው። ከተረታ ያለው ሁሉ ይሄዳል፤ ጠበቃ ያስፈልጋል።

በእኛ አገር ሰው የገደለ የደም ካሳውን ብቻውን አይከፍልም፣ ጎሳው ያዋጣለታል። ላምቤቦም ይህን አምኖ ጎሳውን ሰበሰበ።

«በድያለሁ ትላለህ?» አሉት አንድ ሽማግሌ።

«አልልም አባ። ሊያርደኝ መጥቶ ነው።»

«እንግዲያው ምኑን እናዋጣልህ? እኛ የምናዋጣው ለደም ነው። ለጠበቃ አፍ አዋጥተን አናውቅም።»

ሌላው ሳቀበት። «በድያለሁ በላ፣ ነገውኑ ከብት እንነዳልሃለን።»

«ገጀራውንስ ማን አነሳው ልበል?» ብሎ ላምቤቦ ወጣ።

ጥማድ በሬዎቹን ሸጦ ጠበቃ ያዘ፤ ረታም። ዳኛው ወጪና ኪሳራውን ከሳሿ ትክፈል አሉ። ፍርዱን ሊያስፈጽም ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ሴትዮዋ ያላት አንዲት ላም ናት። «ባሌን ወስደሃል፣ እሷንም ንዳት» አለችው። ላምቤቦ ገመዱን ይዞ ቆየና ለቀቀው። ከዚያ ወዲያ በዚያ በተሰበረ ትከሻው በዶማ ቆፍሮ ነው የኖረ።

ልጁ ሻዩን ሳይነካው ሰማኝ። «ሕጉ የተረታ ይክፈል ይላል፤ የከፈለው ግን ላምቤቦ ነው» አልኩት። ልጁም እሁድ ጎሳውን ይሰበስባል። አሁን ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። ያንኑ የድሮውን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው አይጠፋም። ጠያቂው አፉን ከመክፈቱ በፊት ለጠበቃው የድርሻዬን አስቀምጣለሁ። ሌሎቹ ይከተሉኝ እንደሆነ ግን እንጃ።