ሃምሳ ስላይድ፦ ከጂንካ ወደ ኮልቾ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ጂንካ

ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ገና ከጣሪያው ላይ ይንጠባጠባል። ባጃጆቹ ጎማቸው ጭቃ ለብሶ ሰው ማመላለስ ጀምረዋል። ጂንካን ከለቀቅኩ አምስት ዓመት ሆነኝ። ትናንት እንደገባሁ እግሬ በራሱ ጊዜ ወደ ድሮው የኪራይ ቤቴ ወሰደኝ፤ በሩ ላይ የማላውቀው ሰው ቆሞ ነበር። ሰላም ብዬው ተመለስኩ።

የመጣሁት ለግምገማ ነው። እዚህ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ፣ ስሙ ይቅር፣ በሕክምና ላቦራቶሪ በዲግሪ ለማስተማር የተሰጠውን ፈቃድ ለማሳደስ አመልክቷል። ፈቃዱ ከመታደሱ በፊት ተመራቂዎቹ በሥራ ቦታቸው ተፈልገው ይጠየቃሉ። ሦስት ገምጋሚዎች ነን። ሁለቱ ሰነድ ሊመረምሩ ጂንካ ቀሩ፤ መንገዱን ያውቃል ተብሎ ቆላው ለእኔ ደረሰኝ። በዚህ ኮሌጅ ሁለት ዓመት እንዳስተማርኩ ለቡድኑ መሪ ለዶክተር ሰብለ ነግሬያታለሁ። ያልነገርኳት ሌላ ነገር አለ።

ሾፌራችን አሰፋ ሞተሩን አሙቆ ይጠብቀኛል። ወጣን።

2 ሰዓት ከሩብ፣ ቀይ አፈር

ፍርፍር በሻይ። አሰፋ ሁለተኛ ሻይ ሲያዝ እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ የተመራቂዋን ስም ደግሜ አየሁት። ማርታ ትባላለች፤ ከጂንካ በላይ ካለ የአሪ መንደር የመጣች፣ የፊተኛው ወንበር ላይ የምትቀመጥ ተማሪዬ ነበረች።

ያኔ የነበረን ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ነው። እሱም ሌንሱ ሻግቶ ምንም አያሳይም። እኔም በባለቀለም ጠመኔ የወባን ተሕዋስ በየዓይነቱ ሰሌዳው ላይ እሥላለሁ፤ ቀለበት የሚመስለውን፣ ሙዝ የሚመስለውን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ አይሰማም፤ ተማሪዎቹም ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀው ይጠይቁኛል። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ደመወዝና የተሻለ ወንበር አግኝቻለሁ። እንደዚያ የሚጠይቀኝ ሰው ግን አላገኘሁም። ያቺን ክፍል እናፍቃታለሁ።

የማፍርባትም እሷው ናት። አንድ ተማሪ ሊመረቅ ቢያንስ ሃምሳ የደም ስላይድ፣ የደም ጠብታ የተቀባበት ስስ መስታወት፣ በማይክሮስኮፕ በገዛ ዓይኑ አንብቦ፣ መምህሩ በተግባር መዝገቡ ላይ ሊፈርምለት ይገባል። በመጨረሻው ወር ዲኑ ሠላሳ አንድ መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ ቆለለና ልጆቹ እንዳይጉላሉ ብሎ ለመነኝ። ወላጆቻቸው ከብት ሸጠው እንዳስተማሯቸው አውቅ ነበር። በአንድ ከሰዓት ሁሉንም ፈረምኩ።

4 ሰዓት፣ አልዱባ

የገበያ ቀን ነው። በናው፣ ሐመሩ፣ ፀማዩ ፍየሉን እየነዳ መንገዱን ሞልቶታል። ማር በቅል፣ ቅቤ፣ ማሽላ፣ ትንባሆ። አሰፋ ከአንዲት የበና ሴት ማር ሊገዛ ወረደና በእጅ ምልክትም በቃልም ሲከራከር ቆየ። በመጨረሻ እሷ ባለችው ዋጋ ገዝቶ እየሳቀ ተመለሰ።

5 ሰዓት ተኩል፣ ከዲመካ ወጣ ብሎ

ማርታ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ደረስን። እሷ የለችም። ኦሞ ወንዝ ዳር ባለችው ኮልቾ መንደር ወባ ስለበረታ ከትናንት ወዲያ ወርዳለች፤ ፈጣን መመርመሪያው ስላለቀ ማይክሮስኮፑን ይዛ ነው የሄደችው። ኃላፊው የግምገማ ፎርሙን የአሠሪ ክፍል ቆሞ ሞላልኝ። ከላይ እስከ ታች «በጣም ጥሩ»።

«መምህር፣ አለቀ አይደል?» አለኝ አሰፋ። «ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ አሸዋ ነው።»

እውነቱን ለመናገር መመለስ አማረኝ። ተመራቂዋ አልተገኘችም ብዬ ብጽፍ የሚጠይቀኝ የለም። ግን ማይክሮስኮፕ ስትመለከት ላያት ፈለግኩ። ስንት ዓመት ያማረኝን ነገር ጥዬ ልመለስ? እንሂድ አልኩት።

9 ሰዓት፣ ኮልቾ

ኦሞ ከገደሉ ሥር ተጠማዞ ይፈስሳል፤ ውኃው የደፈረሰ ሻይ ይመስላል። ጫፉ ላይ ቱሪስቶች ፎቶ ያነሳሉ። ማርታ ያለችው ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ግራር ሥር ነው። የቆርቆሮ ሳጥን ላይ የቆመው ማይክሮስኮፕ ከሥሩ ባለ መስታወት የፀሐይ ብርሃን የሚቀበል የድሮ ዓይነት ነው። ከፊቷ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈዋል። አንድ ሸምገል ያለ የሐመር ሰው ያስተረጉማል።

ቀና ስትል አየችኝና ከወንበሯ ተነሳች። ጓንት ስላጠለቀች እጇን ወደ ኋላ አድርጋ አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ «መምህር፣ እርስዎ ነዎት?» አለች። መሆኔን ስነግራት ሰልፉን እስክትጨርስ እንድጠብቃት ለመነችኝና ተመልሳ አጎነበሰች። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅኋት። መስታወቱን ወደ ፀሐይ ታዞራለች፣ ታያለች፣ ትጽፋለች። እጇ አይቸኩልም።

ሰልፉ ሲያልቅ ጠርታ አንዱን ስላይድ አሳየችኝ። ቀለበቱን አየሁት። እኔ በጠመኔ ከምሥለው በጣም የቀጠነ፣ ሊጠፋ የደረሰ ነው።

ፎርሙን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ጥያቄ በኮሌጅ ቆይታዋ ስንት ስላይድ እንዳነበበች ይጠይቃል። እርሳሴን ይዤ ጠበቅኩ። ወንዙን ወንዙን ታያለች።

«ምን ልበልዎት?» አለችኝ።

እውነቱን፣ አልኳት።

የሥራዋን የመጀመሪያ ቀን ነገረችኝ። ትኩሳት ያለባት ልጅ መጣች። ማርታ ሌንሱን ማስተካከል አቃታት፤ ሰው ፊት አልችልም ማለት አፈረችና «ወባ የለባትም» ብላ ጻፈች። ይሄ የሚያስተረጉመው ሽማግሌ፣ አቶ አይኬ፣ ያኔ ላቦራቶሪው ውስጥ አብሯት ይሠራ ነበር። ምንም ሳይናገር ስላይዱን ደግሞ አየና ወረቀቱን ቀደደው። ልጅቷ መድኃኒቷን በጊዜው አገኘች። ማርታ ግን ልብሷን ሰብስባ ወደ አባቷ የእንሰት ማሳ ልትመለስ ነበር። አቶ አይኬ ከለከላት። አራት ወር ሙሉ በየቀኑ ከሥራ በኋላ አስተማራት። እሱ ያለው የዘጠኝ ወር ሥልጠና የምስክር ወረቀት ነው።

«ጎበዝ ነበረች» አለ አቶ አይኬ በአጭሩ። «ያላየችውን ነገር ከየት ታውቀው?»

ማርታ ጓንቷን አወለቀች። «መምህር፣ አልቀየምኩዎትም። ግን ያቺ ክፍል በጣም ትናፍቀኛለች። ሰው ሳይታመምብኝ የምሳሳትበት ቦታ እሷ ብቻ ነበረች። እዚያ ሳልሳሳት ወጣሁ።»

ይቅርታ አልኳት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀለለብኝ። ከዚያ ማወቅ ያለባትን ነገርኳት። ዜሮ ብዬ ከጻፍኩ የኮሌጁ ፈቃድ ሊያዝ፣ የእሷም ዲግሪ ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ማለፏ ይረዳታል እንጂ ዋስትና አልሰጣትም። ምርጫውን ለእሷ ተውኩት።

አቶ አይኬ ተነስቶ ወደ ሰዎቹ ሄደ።

«ፈተናው ላይም ማይክሮስኮፕ አልነበረም» አለች ማርታ። «ሥዕል ነው የመጣው። የእርስዎን ሥዕል እያስታወስኩ ነው ያለፍኩት።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ታናሽ እኅቴ ዘንድሮ እዚያው ኮሌጅ ገብታለች። ዜሮ ብለው ይጻፉ።»

ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም መዝገቧ ላይ ሃምሳ ብሎ የፈረመው መምህር እኔ እንደሆንኩ ጨመርኩ። ሁለታችንም ፈረምን።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ጂንካ

ስንመለስ አሰፋ ልጆች እንዳሉኝ ጠየቀኝ። ሁለት አልኩት።

ዶክተር ሰብለ ፎርሙን ሁለት ጊዜ አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ፣ ከቡድኑ እንደምወጣና ጉዳዬ በደብዳቤ ለመሥሪያ ቤቴ እንደሚሄድ ነገረችኝ። አልተቃወምኳትም። ኮሌጁ ማይክሮስኮፕ አሟልቶ፣ ተማሪዎቹን ሆስፒታል ልኮ እስኪያለማምድ ድረስ ፈቃዱ እንዳይታደስ ትጽፋለች። ተመርቀው የወጡትም የትም ይሥሩ የት ተጠርተው የተግባር ሥልጠናውን እንዲወስዱ ታሳስባለች፤ ዲግሪያቸው ይሰረዝ አትልም።

ልወጣ ስነሳ ጠራችኝ።

«የሌሎቹ የሠላሳዎቹ ስም ሬጅስትራር ጋ አለ» አለች። «የት እንደሚሠሩ ግን ኮሌጁ አያውቅም። አንተ ታውቃለህ?»

ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩና መጻፍ ጀመርኩ። ቱርሚ የተመደበው፣ ኦሞራቴ ያገባችው፣ ሐና ከተማ የወረደው፣ ሥራውን ትቶ ጂንካ ሱቅ የከፈተው። አንዳንዱን ከነመቀመጫው አስታወስኩት፤ አንዳንዷን በምትጠይቀው ጥያቄ። ሃያ ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። የቀሩት ሰባቱ ከፊቴ ተደርድረው ያዩኛል፤ የት እንዳሉ ግን አላውቅም።