ሐላል ነው ያልኩት ዶሮ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለእሳቸው ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ አንድ ሰሞን የቤት ኪራዬን በቁማር መጨረሴን ሁሉ ተናግሬ ንስሐ ተቀብያለሁ። ይህኛው ግን ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርስና ይመለሳል። ስለዚህ እርስዎ ይስሙኝ። አያውቁኝም፣ አላውቅዎትም፤ እንዲያ ሲሆን ይቀለኛል ብዬ ነው።

የበደልኩት ሰው እንድሪስ ይባላል፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። የተገናኘነው ባሕር ላይ፣ ሀብታሞች በሚዝናኑበት ትልቅ መርከብ ውስጥ ነው። ሁለታችንም ዱባይ ሆቴል ቤት ስንሠራ ቆይተን በኤጀንት በኩል ተቀጥረን ገባን፤ አንድ ካቢን ደረሰን። እኔ የሠራተኞች መመገቢያ ውስጥ ምግብ አቀርባለሁ፤ እሱ ላውንደሪ፣ ልብስና አንሶላ ማጠቢያው ውስጥ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አማርኛ የምናወራው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

እንዲህ ያለ መርከብ በፎቶ አይተው ይሆናል፤ ነጭ፣ ባለ መዋኛ፣ ባለ ሙዚቃ። እኛ የምንኖረው ከዚያ ሁሉ በታች፣ ከውሃው ወለል ስር ነው። ካቢናችን መስኮት የለውም። አንዳችን ልብስ ስንለብስ ሌላው አልጋው ላይ መጋደም አለበት፤ ሁለት ሰው አብሮ የሚቆምበት ቦታ የለም። ፓስፖርታችን ቢሮ ተቆልፎበታል። ኮንትራቱ እስኪያልቅ የዕረፍት ቀን የሚባል ነገር የለም፤ እሁድም ሥራ፣ ፋሲካም ሥራ፣ ኢድም ሥራ። መርከቡ አንድ የሚያምር ከተማ ሲደርስ እንግዶቹ ይወርዳሉ፣ እኛ ሺፍት ላይ ነን። የታመመ ሠራተኛ ሐኪም ያየዋል፤ ሕመሙ ከሰነበተ ግን በሚቀጥለው ወደብ ሻንጣውን አስይዘው ወደ አገሩ ይሸኙታል። ስለዚህ ማንም አመመኝ አይልም። እንድሪስም አይልም ነበር።

እንድሪስ ሥጋ አይበላም፤ ማን እንዳረደው አያውቅማ። ዓሣ ደግሞ ከልጅነቱ የማያውቀው ነገር ስለሆነ ሽታው ብቻ ያስመልሰዋል። ኑሮው ሩዝ፣ ዳቦና ቅቅል እንቁላል ሆነ። ላውንደሪው ደግሞ እሳት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ትኩስ አንሶላ ከማሽን እያወጡ ማጠፍ። ከስቶ ከስቶ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ያስቸግረው ጀመር። አንድ ቀን አንሶላ እንዳቀፈ ወደቀ። ሱፐርቫይዘሩ ውሃ አጠጥቶት ሲያበቃ «ሁለተኛ ከወደቅክ ትሄዳለህ» አለው።

በዚያው ሰሞን ትሪውን ይዞ በሰልፉ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ዶሮው ላይ ዓይኑን ተክሎ «ዘውዱ ወንድሜ፣ ይሄ ሐላል ነው? በናትህ ሼፉን ጠይቅልኝ፤ እኔ እንግሊዝኛው አይመጣልኝም» አለኝ።

ገብቼ ጠየቅኩ። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ሳልጠይቅ አይደለም የዋሸሁት። ሼፉ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አይደለም» አለና ሽንኩርቱን መክተፉን ቀጠለ። ከኩሽናው በር እስከ ሰልፉ ያለው መንገድ አጭር ነው። በዚያች አጭር መንገድ ላይ ነው ያደረግኩት። መጥቼ ፊቱ ቆምኩና «ሐላል ነው» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

«ጠይቄ መምጣቴ አይደል?» አልኩት። እውነት ነበር፤ ጠይቄ ነበር። እንዲህ ያለ ውሸት ያውቃሉ? እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ ሰውዬው ግን የሚዋሽበት? እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ትሪውን ዘረጋልኝ። ሁለት ጭን አደረግኩለት።

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አልገባውም ነበር ብለው እንዳያዝኑልኝ። ያደግኩት አዲስ አበባ፣ እስላምና ክርስቲያን ግድግዳ በሚጋራበት ሰፈር ነው። ቤታችን ድግስ ሲኖር እናቴ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ፣ በእነሱው ሰው እጅ ታሳርዳለች። ድስቱን ሳይቀር ከእነሱ ቤት ትዋሳለች። አንዴ እህቴ የእኛን ጭልፋ ተሳስታ ከእነሱ ድስት ብትጨምረው፣ እናቴ ያን ሁሉ ወጥ አስደፍታ እንደገና በግ አሳረደች። ሰው አላየንም፣ ማን ያውቃል ብንላት «እነ ሐሊማ አምነውን እኮ ነው የሚመጡት» አለች። እኔ የዚህች ሴት ልጅ ነኝ። አውቄ ነው ያደረግኩት።

ታዲያ ለምን? ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ቆንጆ ምክንያት አለኝ፤ ሰውዬው እየወደቀ ነበር፣ አዳንኩት። ግን ለእሱ አስቤ ቢሆን ኖሮ ከእንግዶቹ ቡፌ ከሚደፋው አይብና አትክልት ደብቄ አመጣለት ነበር። በዚያ ብያዝ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ውሸቱ ምንም አያስወጣኝም። እውነተኛው ምክንያት ደግሞ ከዚህም ያሳፍራል፦ እንድሪስ ቢሄድ ብቻዬን መቅረቴ ነው። ከላይኛው አልጋ ሆኖ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ የሚያስቀኝ ሰው አይኖርም። እኔ የማወራው ሰው እንዳላጣ ብዬ ሰው ያላመነበትን ነገር አበላሁ።

እሱ ደግሞ የእኔን ጾም ይጠብቅልኝ ነበር! መርከብ ላይ ቀን ይጠፋል፤ ሰኞና አርብ አንድ ነው። እንቁላል ሳነሳ ካየኝ «ዘውዱ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ተው» ይለኛል። እኔም አመስግኜ አስቀምጣለሁ። እሱ ፊት ለፊቴ ዶሮውን ይበላል።

አሁን ስለ ሱርያዲ ልንገርዎት። ሱርያዲ ላውንደሪ ውስጥ ከእንድሪስ ጋር የሚሠራ ኢንዶኔዢያዊ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሙስሊም። አብረው ይሰግዳሉ። ከአገሩ ይዞት የመጣውን ኑድል ለእንድሪስ ያካፍለዋል። እንድሪስ ዶሮ ሲበላ ያየው ቀን ጠጋ ብሎ «ይሄ ሐላል አይደለም፤ እኛ ጠይቀናል» አለው። እንድሪስ ወደ እኔ ዞረ። ሰዉ ሁሉ መብላቱን ትቶ ያያል። ያን ጊዜ መመለስ እችል ነበር። አልተመለስኩም። «ሐላል ነው» አልኩ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

እንድሪስ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው ሱርያዲን ውሸታም አለው። «ወንድሜ ጠይቆልኛል! ወንድሜ!» እያለ ጠረጴዛውን መታ። ሱርያዲ ትሪውን አንስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አብረው አልሰገዱም። ረመዳን ሲገባ እንድሪስ ከእነሱ ጋር ማፍጠሩን ትቶ ካቢናችን ውስጥ ከእኔ ጋር ያፈጥር ጀመር። እኔ ደስ አለኝ። ይህችን ዘልዬ ባልፍ ሌላው ሁሉ መናዘዝ አይሆንም፤ ደስ ነው ያለኝ።

ሱርያዲ ኮንትራቱን ጨርሶ በወረደ ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ተሰናበተ። ለእንድሪስም እጁን ዘረጋ። እንድሪስ የአንሶላ ጋሪውን እየገፋ አለፈው። እኔ ከኋላ ሆኜ አየሁ፤ ያን ጊዜ እንደ ቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ዛሬ ሁለታችንም ላስ ቬጋስ ነን። እኔ በዲቪ ቀድሜ መጣሁ፤ እንድሪስ በሚስቱ ዲቪ ልጃቸውን አቅፎ ሲመጣ ኤርፖርት የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ስትሪፕ የሚሉት ትልቁ ጎዳና ላይ፣ አንድ ባለ ካዚኖ ሆቴል ቡፌ ውስጥ እሠራለሁ። ካዚኖው መስኮት የለውም፤ የሠራተኛው መተላለፊያም ከመሬት በታች ነው፤ አንዳንዴ ወለሉ የሚወዛወዝ ይመስለኝና ግድግዳ እይዛለሁ። እንድሪስ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፤ ቤቱ ፓራዳይዝ የሚባል ሰፈር ነው። በየሄድንበት፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ «ባሕር ላይ ዲኔን የጠበቀልኝ ክርስቲያን ወንድሜ» ብሎ ነው የሚያስተዋውቀኝ። ሽማግሌዎች ተነስተው እጄን ይጨብጡኛል። እኔም ፈገግ እላለሁ።

ዘንድሮ እንድሪስ እዚሁ ከተማ፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባል መንገድ ላይ ትንሽ ሬስቶራንት ተከራየ። ሊከፈት አንድ ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ እሁድ ምሳ ጠራኝና ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠ። «ኪችኑን አንተ ነህ የምትይዘው። ሥጋውን አንተ ትረከባለህ። እኔ ሻትል ላይ ነኝ፣ ቼክ አላደርግም። አንተ ሐላል ነው ካልክ አለቀ» አለኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጁ ሐያት ቀደመችኝ። እዚሁ ያደገች ስለሆነች «እርስዎ» የሚባለውን አታውቀውም።

«ጋሼ ዘውዱ፣ ሺፑ ላይ ማንን ነው አስክ ያደረግከው?» አለችኝ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። «ሼፉን» አልኳት።

«ሙስሊም ነበር?»

«አዎ፣ ቱርክ ነበር።» ቱርክ አልነበረም።

«እንደ አባዬ ጢም ነበረው?»

«ከአባትሽ ይበልጥ ነበር» አልኩ። እንድሪስ ሳቀ። ሚስቱም ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የድሮ ኃጢአት ነው እንዳልልዎት ያገደኝ ይህ ነው፤ እንደ አዲስ ዋሸሁ፣ ያውም ለልጅ፣ ያውም ጢም ጨምሬ።

ከእሁድ ጀምሮ ማምለጫ ሳስብ ሰነበትኩ። ወገቤን አመመኝ ብዬ ኪችኑን ብተውለትስ? ኦቨርታይም በዛብኝ ብዬ ብነግረውስ? ግን እንድሪስን አውቀዋለሁ፤ ወገቤን አመመኝ ብዬ ብነግረው ዱዓ ያደርግልኛል። ያንን ደግሞ በምን አቅሜ ልሸከም?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ብቻውን ነበር፤ የሚንገዳገድ ጠረጴዛ አጋድሞ እግሩን ያጠብቃል። «በጊዜ መጣህ፣ ያዝልኝ» አለኝ። ጠረጴዛውን ያዝኩለት። እንደያዝኩት ነገርኩት። ሼፉ ምን እንዳለ፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ ቱርክ እንዳልነበረ፣ ሁሉንም። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። መፍቻው እጁ ላይ ቆመ።

ይመታኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ቢረግመኝም ዝም ልል ወስኜ ነበር። እሱ ግን «ሱርያዲ እውነቱን ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እጁን ዘርግቶልኝ ነበር እኮ» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ዶሮውን እኔ አላውቅም ነበር። አለማወቄን አላህ ያውቀዋል። የሱርያዲን እጅ ግን እያየሁት ነው ያለፍኩት። ያንን ማን ይመልስልኛል?»

እነዚያን ዓመታት ሁሉ ስፈራና ስብሰለሰል የኖርኩት ስለ ሥጋው ነው። ያቺን እጅ አንድ ቀን እንኳ አስቤያት አላውቅም። እንድሪስ ደግሞ ከበላው ሁሉ በፊት እሷን አሰበ። «ይቅር በለኝ» አልኩት። «ቁልፉን እዚያ አስቀምጥና ሂድ» አለኝ። ድምፁን አልጨመረም። ቁልፉን አስቀምጬ ወጣሁ።

ሬስቶራንቱ አርብ ተከፈተ። አልሄድኩም። በነጋታው፣ የድሮ የመርከቡ ሠራተኞች በስልክ የምንገናኝበት ግሩፕ ላይ እንድሪስ አሮጌ ፎቶ አወጣ፤ እሱና ሱርያዲ ማሽን ተደግፈው ይስቃሉ። ከስሩ ያለው እንግሊዝኛ የእሱ አይደለም፤ ሐያት ናት የጻፈችለት። እሷም አውቃለች ማለት ነው። «ይህን ሰው የሚያውቅ ይንገረኝ። እውነቱን ነግሮኝ ሳለ ሰው ፊት ውሸታም ብዬዋለሁ። መርከቡ ላይ አንድ ሰው ዋሽቶኝ ነበር» ይላል።

አንድ ሰው። ያን ሁሉ ዘመን ወንድሜ ሲለኝ ኖሮ አሁን አንድ ሰው ሆንኩ። ስሜን አለመጥራቱ ገመናዬን ለመሸፈን ይሁን ስሜን ማንሳቱ ስላስጠላው አላውቅም። ግን ደበቀኝ፤ እኔም ተደብቄ መቅረት እችላለሁ።

እርስዎን ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። ብቸኝነት ነው፣ ኑሮው ነው፣ መስኮት የሌለው ካቢን ነው አልልም። ያ ካቢን ውስጥ እንድሪስም ነበረ፤ እሱ አልዋሸም። ከፎቶው ስር «ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ዘውዱ። ሱርያዲ እውነቱን ነው» ብዬ ጽፌ አጠፋሁት። ደግሜ ጽፌ አጠፋሁት። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ ወደማያውቁኝ ወደ እርስዎ የመጣሁት። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ስልኩ እጄ ላይ ነው፣ ልልከው ነው።