ኖራ የበላው ሰማያዊ አበባ

ባለቤቴ ሚኒባስ ይነዳ በነበረበት ጊዜ፣ ሌላው ሾፌር ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ ሲመለስ ለቤቱ ዘይትና ሳሙና ይዞ ይገባል፤ የእኔው ግን በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቅርንጫፍ ይዞ ይመጣ ነበር። ሃይድራንጂያ ነው። ጎረቤታችን ስሙ አልያዝላት ብሎ «ያ ጥቅል ጎመን የሚያክለው አበባ» ትለዋለች። እያደር ጓሯችን ውስጥ ሦስት ዓይነት ሆነ፦ ዘግይቶ የሚያብበው ሹሉ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ብቻ የሚፈካው ዝርግ፣ ከዚያ ደግሞ ክቡ ሰማያዊ። ለድንች ያሰብሁትን ቦታ ሁሉ ወሰደብኝ። አበባ አይበላም እያልሁ ብነዘንዘው እየሳቀ ውሃ ያጠጣል።

ከዚያ ዓይኑ ታመመ፤ የዓይን ግፊት ነው አሉን። መኪናውን ለሌላ ሰው አስረከበ። ባለፈው ግንቦት ባሕር ዳር ሐኪሙ የቀረውም ብርሃን እንደማይቆይ ነገረን። ውጭ ቆመን ባጃጅ ስንጠብቅ፣ «ክረምቱን ቢያደርሰኝና ሰማያዊውን አንድ ጊዜ ደግሜ ባየው ይበቃኛል» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ደክሞት ወደ ውስጥ ገባ። ዋርሳዬ፣ የእሱ ታላቅ ወንድም፣ ጓሮ ቆመው እጃቸውን ይታጠባሉ። ዘንገና አጠገብ የሚያርሱ ሰው ናቸው። እኛ ሰፈር አፈሩ ኮምጣጣ ስለሆነ ኖራ ካልገባበት ገብሱም አይሰጥም። «ወንድሜ ሲታመም ጓሮው ጠፍ አይሁን» ብለው፣ ለማሳቸው ካገኙት ኖራ ከፍለው በፈረስ ጭነው መጥተዋል፤ የአበቦቹንም ሥር አንድ ሳያስቀሩ ኮትኩተው ኖራ አልብሰውታል።

«አይዞሽ እቴ፣ አፈሩን አጣፍጨልሻለሁ» አሉኝ።

ያ አበባ ሰማያዊ የሆነው ግን አፈሩ ኮምጣጣ ስለሆነ ነበር። ኖራ ካገኘ ሮዝ ይሆናል፤ ባለቤቴ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይኼ ነው። ስድቡ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፈረሱ በላብ ተነክሮ ቆሞ ሳየው «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ ዋጥሁት።

ለባለቤቴ አልነገርሁትም። ኖራውን ልለቅም ብል ዝናቡ ቀድሞኝ አስርጎታል። ኮምጣጣነቱ እንዲመለስ ብዬ ከጥድ ሥር አፈር ተሸክሜ አመጣሁ። ለወጥ የማልገዛውን ሎሚ ገዝቼ ሥሩ ላይ ጨመቅሁ። ጎረቤቴ አበደች ብላ ሳታወራብኝ አልቀረችም፤ ብታወራም አልተሳሳተችም። በመጨረሻ ስለት ተሳልሁ። ለዓይኑ የተሳልሁት አልሰመረም፤ እንግዲያውስ ለአበባው ቀለም እንኳ ስማኝ አልሁት ፈጣሪዬን። እንዲህ ብዬ በመለመኔ ራሴን ጠላሁት።

ነሐሴ ላይ እምቡጡ ተከፈተ። ሮዝ ነው፤ አንድም ሰማያዊ ቅጠል የለበትም። ዋርሳዬን አስጠርቼ ሁሉንም ነገርኋቸው። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ሰሙኝና ተነሡ።

«እኔው ያጠፋሁትን እኔው እነግረዋለሁ» አሉና ወንድማቸውን እጁን ይዘው ወደ ጓሮ አመጡት። እኔ ከኋላ ተከተልሁ። ፀሐይ ወጥታ ነበር። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አበባውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ፊቱን አስጠግቶ ቆየ። ዋርሳዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊናገሩ ሲሉ ቀደማቸው።

«ዘንድሮስ ሰማያዊነቱ ባሰበት» አለ፣ ፈገግ ብሎ።

መቼ እንደጨለመበት አላውቅም፤ እኛ እንዳናዝን ብሎ ደብቆን ኖሯል። ዋርሳዬ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። ባለቤቴ መልስ ይጠብቃል።

«አዎ» አልሁት።