ካልሲ የለበሱ ጠርሙሶች

እናቴ እህቴን ወይን ስትተፋ ያየቻት ቀን ማማሰያውን በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

“ምነው? ተበላሽቷል እንዴ?”

“አይ እማዬ፣ ጥሩ ነው።”

“ጥሩ ከሆነ ለምን ትተፊዋለሽ?”

“ሥራ ነው። የቀመስኩትን ሁሉ ከዋጥኩ የመጨረሻውን ማን ይቀምስልኛል?”

“ይሄ አገር ጉዱ አያልቅም” አለች እናቴ። “የሚተፋ ነገር በገንዘብ ይገዛል።”

ታላቅ እህቴ ሊንውድ በሚባል ከተማ አንድ ትልቅ የምግብ ግሮሰሪ ውስጥ የወይን ክፍሉን ነበር የምትሠራው። ካረፈች ዓመት ሊሞላ ነው። ለሙት ዓመቷ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ይመጣል። እናቴ የምግቡን ሥራ ለጎረቤትና ለዘመድ አከፋፍላ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረችና፣ “የወይኑን ነገር አንተ ታውቃለህ” አለችኝ።

አላውቅም ነበር። እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። የምታውቀው እህቴ ናት። ክርስትና ሲሆን፣ ሠርግ ሲሆን፣ የሚያውቃት ሁሉ ኮል አድርጎ “ደህና ቀይ ወይን፣ ኪስ የማይጎዳ” ይላታል። እሷ ደግሞ በቀጥታ ወደ አውስትራሊያው መደርደሪያ ነው የምትሄደው። ፀሐይ የጠገበ ወይን ነው፣ ፍሬው በደንብ ስለሚበስል በርበሬ አይፈራም፣ በዚህ ዋጋ ሌላ አገር እንዲህ አይሰጥም ትላለች። ውድ ውዱ ከሚደረደርበት ከላይኛው መደርደሪያ አንድም ጠርሙስ አንስታ አታውቅም። ሰዉ የእሷን ምርጫ ለምዶት ነበር። በእሷ ቀን ተራ ነገር ባቀርብ፣ ያ ሙያዋ አብሯት ሄደ ማለት ነው። የፈራሁት ይህን ነው።

ቅምሻ ያስጀመረችኝ ሃያ አንድ ዓመት በሞላኝ ሰሞን ነው። ኬንት በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። እረፍት በምሆንበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ጠርሙስ ይዛ ትመጣለች። እያንዳንዱን ወፍራም የክረምት ካልሲ ታለብሰዋለች፤ ጽሑፉ እንዳይታይ። “ዓይን አለቃ መሆን ይወዳል” ትላለች። “ሥዕሉንና ዋጋውን ካየ ምላስን ያዘዋል።” መጀመሪያ ወይኑ ለብቻው ይቀመሳል፣ ቀጥሎ ከወጥ ጋር። ያለ ወጥ የተቀመሰ ወይን ለእኛ ቤት አይሆንም ባይ ነበረች። አንዳንዱ ለብቻው ግሩም ሆኖ ቀይ ወጥ ሲያገኘው አፍ ያቃጥላል፣ ያደርቃል። “ተጣሉ” ትላለች ያኔ። የምትፈልገው የማይጣላውን ነው።

እኔ ቃል ቶሎ አይመጣልኝም። ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነበርኩ፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት ብዙ ሳልናገር ነው። ቀምሼ “ደህና ነው” እላለሁ።

“ደህና ነው የሚባለው ጎረቤት ሰላም ሲልህ ነው” ብላ ትስቅብኛለች። በኋላ ዘዴ ፈጠረችልኝ። “ኦኬ፣ አፍህ ቤት ነው በል። እንግዳ መጣ። ማን መጀመሪያ ገባ?”

“እንጆሪ። አይ... የእንጆሪ ማርማላታ።”

“ማን ተከተለ?”

“ቁንዶ በርበሬ።”

“ሳይሰናበት የወጣስ?”

“ማርማላታው።”

“ሶ፣ መጨረሻ ማን ቀረ?”

አንድ ቀን ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ ስል ደግሜ ተጎነጨሁ። የቀመስኩት ካበርኔ የሚባለውን ቀይ ወይን ነበር። የቀረው ነገር የማውቀው ነው፣ ግን ወይን ውስጥ ይገኛል ብዬ አላሰብኩም። “ባሕር ዛፍ” አልኩ። “ጉንፋን ሲይዘን እማዬ የምታጥነን።” እህቴ ብርጭቆውን ነጥቃኝ አሸተተች። ከዚያ ጮኸች። ለካ አውስትራሊያ የባሕር ዛፍ አገር ነው። ዛፉ ከወይኑ አጠገብ ሲበቅል ሽታው ፍሬው ላይ ያርፋል። በሥራ ቦታ ነግረዋታል፣ እሷ ግን እስከዚያ ቀን አግኝታው አታውቅም። “ማሙሽ፣ አንተ ምላስ አለህ” አለችኝ። ማሙሽ የምትለኝ ስታበሽቀኝ ነው። ያን ቀን ግን አልበሸቅኩም።

ከዚያ ታመመች። ሕክምናው ጣዕም ወሰደባት። ውኃ ሳይቀር ብረት ብረት ይለኛል አለች። ካልሲዎቹን ግን አልተወችም። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትጠይቃለች፣ እኔ እቀምሳለሁ። መልሴን የምትሰማው ዓይኗን ጨፍና ነው። አንዳንዴ “እሱን ቀስ ብለህ ንገረኝ” ትላለች። ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። እንዲያውም ለዚህ ነገር ቀስ ማለቴ ጠቀመ። ግን እኔ የገባውንና የወጣውን ብቻ ነበር የምናገረው። “በቃ፣ ይሄኛው” የምትለው እሷ ናት። እስከ መጨረሻው እሷ ነበረች።

እናቴ ካዘዘችኝ በኋላ ሦስት ጠርሙስ ገዛሁ። እህቴ ትሠራበት የነበረው ሱቅ መግባት አልቻልኩም፤ ሌላ ሱቅ ሄድኩ። አንድ ካበርኔ፣ አንድ ሺራዝ፣ አንድ ሺራዝና ግረናሽ የሚባሉት የወይን ዘሮች የተቀላቀሉበት። ሦስቱም የአውስትራሊያ፣ ሦስቱም ከታችኛው መደርደሪያ። ቤት መጥቼ ካልሲዎቹን ከመሳቢያዋ አወጣሁ። ሁለቱን ጠርሙሶች ካለበስኩ በኋላ ነው የገባኝ። እኔ ካለበስኳቸው እኔ አውቃቸዋለሁ። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሦስተኛውን ካልሲ በእጄ እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

እናቴ ከማድ ቤት ብቅ አለች። “ምን ሆንክ?”

“የሚያለብስልኝ ሰው የለም።”

እኔንም ጠርሙሶቹንም አየች። እጇን በሽርጧ ጠረገችና “በል ውጣ” አለችኝ።

ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ስትጠራኝ ተመለስኩ። ጠርሙሶቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ አንደኛው ካልሲውን ተገልብጦ ለብሷል። እናቴ ሶፋው ላይ፣ እህቴ ትተኛበት በነበረው በኩል ተቀምጣለች። ከመጀመሪያው ቀድቼ ቀመስኩ።

“እሺ” አለች። “ማን መጀመሪያ ገባ?”

ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። “ይሄን ከየት አወቅሽው?”

“ማድ ቤቱና ሳሎኑ መካከል ግድግዳ አለ እንዴ? እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ የእናንተን እንግዳ ሁሉ ስቀበል ነው የኖርኩት። መልስ እንጂ!”

መለስኩ። የመጀመሪያው ቁንዶ በርበሬና የተቃጠለ ስኳር ነበር። ሁለተኛው ለስላሳ ነው፤ ፕሪም ገባ፣ ቀስ ብሎም ወጣ። ሦስተኛውን ገና ሳልቀምሰው አወቅኩት። ባሕር ዛፉ ወደ አፍንጫዬ መጣ። ካልሲው ምንም አልደበቀውም። ልቤ እሱ ጋ ሄደ። የእኔና የእህቴ ወይን ነው፣ በቀኗ እሱ ይቅረብ አልኩ ለራሴ።

“ወጡስ?” አለች እናቴ።

ተነስታ ቀይ ወጥ አመጣችና አጎረሰችኝ። ባሕር ዛፉን ጠጣሁበት። አፌ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ድጋሚ አጎረሰችኝ፤ ድጋሚ እንዲያ ሆነ። የመጀመሪያውም ብዙ አልተሻለም። ሁለተኛው ግን ወጡን ወጥ አድርጎ ተወው፣ እሱም ወይን ሆኖ ቀረ።

“ተጣሉ?”

“ሁለቱ ተጣሉ። መካከለኛው አልተጣላም።”

“ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?”

የምጠብቀው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከሶፋው በኩል “በቃ፣ ይሄኛው” የሚል ድምፅ ነው። ባሕር ዛፉን አንድ ጊዜ አየሁት። ከዚያ እጄን መካከለኛው ላይ አደረግኩ።

“ይሄኛው” አልኩ።

ካልሲውን ሳወልቀው ሺራዝና ግረናሽ የተቀላቀለበት ነው። ክዳኑ የሚዞር፣ ላዩ ላይ የወፍ ሥዕል ያለበት።

እናቴ የካበርኔውን ብርጭቆ አንስታ አሸተተች። “ይሄማ ጉንፋን ነው” አለች። ተጎነጨች። ፊቷ ተጨማደደ።

“ካልጣመሽ ትፊው።”

“እኔ ልተፋ?” ዋጠችው። “ይሄኛውን ለእኔ አስቀምጥልኝ። ሲበርድ እጠጣዋለሁ።”

በሙት ዓመቱ ቀን ቤቱ ሞላ። ወይን በለስላሳ እየቀላቀሉ እህቴን ሲያበሽቋት የኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስቀዳላቸው ብርጭቆውን ቀና አድርገው አዩት።

“ይሄን እሷ ነች ያስቀመጠችው?”

“አይ አባባ፣ እኔ ነኝ የመረጥኩት።”

“እንግዲያስ መጀመሪያ እንዲሁ ልቅመሰው፤ አለዚያ ትቆጣኛለች።” ቀመሱ። ወጥ ጎረሱ፤ መልሰው ቀመሱ። “ከወጡ ጋር ይስማማል” አሉ። “ደህና አድርገህ መርጠሃል።” ይህን ብለው የለስላሳውን ጠርሙስ ከፈቱና ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞሉት።

እናቴ ከማዶ አየችኝ። እኔም አየኋት። ሁለታችንም ሳቃችን መጣ። ሽማግሌው ግማሽ እስኪያደርሱት ጠበቅኩና ወይኑን ይዤ ተጠጋሁ።

“አባባ፣ ትንሽ ወይን ይጨመርበት” አልኳቸው።