አክስቴ አንገት ላይ የተሰፋው ወረቀት

ዛሬ ወልድያ የአክስቴን ነፍስ አንብቤ አተረፍኩ። አዎ፣ አንብቤ!

ጥርስ ሐኪሙ የማደንዘዣውን መርፌ እንደያዘ «እናቴ፣ ከዚህ በፊት መርፌ ተወግተው ያስቸገረዎት ነገር አለ?» ሲል ጠየቃቸው።

አክስቴ ሐዋ «አንዴ ደሴ ጥርሴን ስነቀል ፊቴ አብጦ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። አሁን ግን አልፈራም፤ ያኔ የሰጡኝ ወረቀት ይጠብቀኛል» ብለው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን የተሰፋ ቆዳ ነካ አደረጉ።

ለካ የደሴ ሐኪሞች «ይህ ወረቀት ካንቱ እንዳይለይ» ቢሏቸው፣ ወደ ግራና ከተማ ገበያ ወስደው እንደ ክታብ በቆዳ አሰፍተውታል! እውነትም አልተለያቸውም።

ሐኪሙ «ይከፈት» አለ፤ ስፌቱ ተተረተረ። ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ እኔ ቀደምኩት። ማንበብ የተማርኩበትን የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለሰው አይሰጥም።

«ሊ... ዶ... ኬይን የሚባለው ማደንዘዣ አይስማማቸውም። እንዳይሰጣቸው።»

አክስቴ «ይቺን ለማንበብ ነው በየምሽቱ ስትጠፋ የከረምከው?» አሉኝ።

ሐኪሙ አልሳቀም። በእጁ የያዘው ራሱ ሊዶኬይን ነበር። መርፌውን አስቀምጦ ከሌላ ወገን የሆነ ማደንዘዣ አስመጣ፤ መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ በጥቂቱ ሞክሮ ጠበቀ። ምንም አልሆኑም። ጥርሱ እኔ ወረቀቱን ካነበብኩበት ባነሰ ጊዜ ወጣ።

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ መርሳ እየተመለስን ነው። አክስቴ ወረቀቱን መልሼ አሰፋዋለሁ ብለዋል። ይሰፋ፤ ቆዳው ላይ ግን በገዛ እጄ «ከመርፌ በፊት ይከፈት» ብዬ እጽፍበታለሁ።

እናንተስ ቤት ሳይነበብ የታሰረ የሐኪም ወረቀት የለም? አስፈቱና ምን እንደሚል ጻፉልኝ። ማንበብ ያቃተው ለእኔ ያምጣው።