የእትዬ ፈጣን ኮምፒውተር

ጎረቤቴን «እትዬ ፈጣን» ያልናቸው በጣቶቻቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ሆነው ሲተይቡ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ አንድ ልጃቸው ሥራ ይዞ ራቀ፤ አሮጌ ዴስክቶፑን ትቶላቸው። ልጁ ክፉ አይደለም። እሑድ እሑድ ይደውላል፤ ግን «ደህና ነሽ እማዬ? እኔም ደህና ነኝ፤ በይ ቻው» ነው። ሻይ የጣዱት ውሃ እንኳ ሳይፈላ ስልኩ ይዘጋል።

ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለ ዕለት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። «ገመዱን ንቀይው። ማብሪያውን ተጭነሽ እስከ ሠላሳ ቁጠሪ። አሁን ስንቴ ጮኸ?» እያለ አንድ ሰዓት ያቆያቸዋል፤ በመሀል አለቃውን ያማል፣ ቤት ያከራየችውን ሴትዮ ድምፅ እያስመሰለ ያስቃቸዋል። ሳቃቸው በስሱ ግድግዳ በኩል እኔ ቤት ይገባል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ኮምፒውተሩ እሑድ በመጣ ቁጥር ይበላሽ ጀመር። ይህን ሁሉ በጆሮዬ እየሰማሁ አለማስተዋሌ ዛሬም ያናድደኛል።

ባለፈው እሑድ ልጁ ለእኔ ደወለ። «ወንድሜ፣ አንተ ባለሙያ ነህ፤ እስቲ እይልኝ።» ካቻቢቴዬን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ፈጣን በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ምን ያደክምሃል? እኔና እሱ እንሞክረዋለን» አሉ። ይሉኝታ መስሎኝ ገባሁ።

ሳጥኑን ስከፍት ራም የምንላት ቀጭን ሰሌዳ ከቦታዋ ግማሽ ወጥታለች። ያለ እሷ ኮምፒውተር ይጮሃል እንጂ አይነሳም። ጫን አድርጌ አስገባኋት፤ ስክሪኑ በራ። ኩራት ልቤን ነፋው፤ እዚያው ለልጁ ደወልኩና እናቱም እንዲሰሙት ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ፣ «ራሟ ላልታ ነው! ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም!» አልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

«ተባረክ! እማዬ፣ ተገላገልን! ከእንግዲህ ሲበላሽ ለእሱ ንገሪው። በይ ቻው።»

ስልኩ ተዘጋ። እትዬ ፈጣን በጣታቸው ወደ ራሟ አመለከቱ።

«እኔ ነኝ የማወጣት» አሉ ቀስ ብለው። «ናፍቆት ነው እንግዲህ። ሲጠግን ብቻ ነው የሚያወራኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ካቻቢቴውን መልሼ አነሳሁ። «መልሼ ላውጣት?»

«ምን ዋጋ አለው ልጄ» አሉ። «አሁን ቢበላሽ የምጠራው አንተን ነው።»